በቁም የሚሰጥ ምስጋና

(በማታው የንባብ ክፍል ለተገኙ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ፊደል አንቆጥርም። ፊደሉንማ ጨርሳችኋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋችና እሱን ይወዱት ስለ ነበሩ ሰዎች ነው። «ይህ ልጅ ደግሞ የእርሻ ወሬ አልቆበት የኳስ ወሬ አመጣብን» እንዳትሉኝ። ነገሩን ያስነሣብኝ እዚሁ ክፍል ውስጥ የተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ባለፈው እሁድ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው መስክ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች በኳስ ሲጋጠሙ አብረን ቆመን አይተናል። ያ ፈጣኑ ልጅ፣ ሁላችሁም የምታውቁት፣ ጨዋታው ገና ሳይጋመስ እግሩ ዞረበትና ወደቀ። ተነሣ። ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠመጠመና ተመልሶ ገባ። እያነከሰም ጎል አገባ። እኛም «በርታ! አይዞህ! ወንድ!» እያልን ጮኽን። ሴቶቹ እልል አሉ። በማግሥቱ ግን ልጁ ከብት ነድቶ ሊወጣ አልቻለም።

ሰኞ ማታ ታዲያ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ ለኳስ ብሎ እግሩን የሚጎዳ ሰው ሞኝ አይደለም? እግሩ ከተበላሸ በኋላስ ያ ሁሉ የጮኸለት ሰው ምን ይፈይድለታል?»

ያን ለት መልስ አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሳስብበት ከረምኩና አንድ በእውነት የተደረገ ታሪክ ትዝ አለኝ። ታሪኩ የእኛ አገር አይደለም፤ የሆላንድና የኢጣልያ ነው። ቀኑንና ዓመቱን ግን እንዲገባን በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ሰውዬው ማን ነበር?

ስሙ ማርኮ ቫን ባስተን ይባላል። ጥቅምት 21 ቀን 1957 ዓ.ም. ኡትሬክት በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ። ሆላንድ ትንሽ አገር ናት። የመሬቷ ከፊል ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ሕዝቡ ውኃውን በግድብ አግቶ ነው የሚያርሰው። በዚያ አገር እግር ኳስ በጣም ይወደዳል።

ማርኮ ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ የረዘመ ሰው ብዙ ጊዜ ለመታጠፍ ይከብደዋል። እሱ ግን እንደ አጭር ሰው ቀልጠፍ ብሎ ይዞር ነበር። በሁለቱም እግሩ ይመታል። በጭንቅላቱም ይመታል። ሥራው አጥቂነት ነው። አጥቂ ማለት ሌሎቹ ተጫዋቾች ደክመው ያመጡትን ኳስ ጎል ውስጥ የሚከት ማለት ነው። እሱ ከሳተ የሁሉም ድካም ከንቱ ይቀራል።

መጋቢት 25 ቀን 1974 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ አያክስ ለተባለው ታላቅ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። የገባው ዮሃን ክራይፍን ተክቶ ነው። ክራይፍ በዚያን ጊዜ በሆላንድ ተወዳዳሪ ያልነበረው ተጫዋች ነው። አስቡት፤ በአገሩ የታወቀ አራሽ እርፉን ለአንድ ጎረምሳ ሰጥቶ ሲወጣ ማለት ነው። ጎረምሳው አላሳፈረም። በዚያው ቀን ጎል አገባ። ኋላም አራት ዓመት በተከታታይ በሆላንድ ሊግ ብዙ ጎል በማግባት አንደኛ ሆነ።

የአጥንት ትራስ

በ1979 ዓ.ም. በአንድ ግጥሚያ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። ይህን ጉዳት በሚገባ እንድትረዱት ስለ መገጣጠሚያ ጥቂት ልንገራችሁ።

የበግ ወይም የፍየል እግር ከመገጣጠሚያው ላይ ስትለያዩ በአጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭና የሚያዳልጥ ነገር አይታችኋል። ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። እኔ ለዛሬ የአጥንት ትራስ ልበለው። ይህ ትራስ በእኛም ጉልበት፣ በእኛም ቁርጭምጭሚት ውስጥ አለ። አጥንት ከአጥንት ጋር ሳይፋተግ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው እሱ ነው።

ታዲያ ይህ ትራስ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የራሱ የደም ሥር የለውም። ቆዳችን ሲቆረጥ ደም ወደ ቁስሉ ይመጣና ቀስ በቀስ ያሽረዋል። ትራሱ ግን ደም ስለማይደርሰው ከሳሳ ወይም ከተቀደደ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይድንም ማለት ይቻላል። በላዩ ላይ ከተሮጠበትማ ይብስበታል። እናቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ወፍጮው ላይ እህል ሳይኖር በመጅ ቢፈጭ ምን ይሆናል? ድንጋይ ድንጋይን ይበላዋል። የማርኮም ቁርጭምጭሚት የሆነው ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ማረፍ ነበረበት። ነገር ግን ትልቅ ዋንጫ ቀርቦ ነበር። ቡድኑ ይፈልገዋል። እሱም መጫወት ይወዳል። ስለዚህ አንዳንዱን ግጥሚያ እየተወ፣ አንዳንዱን እያመመው እየተጫወተ ዓመቱን ገፋው። ግንቦት 5 ቀን 1979 ዓ.ም. በግሪክ አገር በአቴንስ ከተማ ከአንድ የምሥራቅ ጀርመን ቡድን ጋር ለዋንጫ ተጋጠሙ። አያክስ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሏን በጭንቅላቱ ያገባው ማርኮ ነበር። ሕዝቡ ዋንጫውን አየ። በካልሲው ውስጥ ያለውን ቁርጭምጭሚት ያየ ግን ጥቂት ነው።

በታመመ እግር የተገኘ ዝና

በዚያው ዓመት ማርኮ ሆላንድን ለቆ ኢጣልያ ሄደ። የገባበት ቡድን ሚላን ይባላል። የሚላን ደጋፊዎች ከዚያ በፊት ብዙ ተጎሳቁለዋል። ቡድናቸው በ1972ና በ1974 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ከትልቁ ሊግ ወደ ታችኛው ወርዶባቸው ነበር። የኢጣልያን ዋንጫ ካነሣ ደግሞ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ዝናብ ጠፍቶበት የከረመ ሰው ደመና ሲያይ እንዴት እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። የሚላን ሰዎችም እነዚያን የሆላንድ ልጆች፣ ማርኮንና ጓደኛውን ሩት ጉሊትን፣ ኋላም ፍራንክ ራይካርድን የተቀበሏቸው እንደዚያ ነው።

ማርኮ ግን በመጀመሪያው ዓመት እግሩን በቀዶ ጥገና ታከመ። በሊጉ የተጫወተው 11 ግጥሚያ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው «ይህ ልጅ አበቃለት» ሳይል አልቀረም።

አላበቃለትም። በ1980 ዓ.ም. ሰኔ ወር በምዕራብ ጀርመን የአውሮፓ አገሮች የዋንጫ ውድድር ሆነ። በሆላንድ የመጀመሪያ ግጥሚያ ሲጀመር ማርኮ አልተሰለፈም፤ ኋላ ነው ተቀይሮ የገባው። በሁለተኛው ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፎ ሦስት ጎል ብቻውን አገባ። ቀጥሎ ከባለአገሩ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ሲጋጠሙ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጠረ። ሰኔ 18 ቀን ደግሞ በሙኒክ ከተማ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለዋንጫ ቀረቡ።

የዚያን ቀኗን ጎል ልንገራችሁ። አርኖልድ ሙረን የሚባል ጓደኛው ከግራ በኩል ኳሷን አሻግሮ ከፍ አድርጎ ላካት። ኳሷ ሩቅ ሄዳ በቀኝ በኩል ወረደች። ማርኮ የቆመው ከጎሉ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ነበር። ከዚያ ቦታ ላይ ጎል እንደ በር አይታይም፤ እንደ ግድግዳ ስንጥቅ ነው የሚታየው። ሌላ ሰው ቢሆን ኳሷን አውርዶ፣ ተረጋግቶ ለጓደኛው ይሰጥ ነበር። እሱ ግን መሬት ሳትነካ ከአየር ላይ በቀኝ እግሩ መታት። ኳሷ ሪናት ዳሳየቭ በተባለው በታላቁ በረኛ አናት ላይ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ሆላንድ 2 ለ 0 አሸነፈች። ማርኮ በውድድሩ 5 ጎል አግብቶ አንደኛ ወጣ። ያቺን ጎል እስከ ዛሬ ድረስ ሰዎች በፊልም ደጋግመው ያዩዋታል።

ከሚላን ጋርም ሦስት ጊዜ የኢጣልያን፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ በላ። ለሚላን ከ120 በላይ ጎል አገባ። የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሦስት ጊዜ ተሸለመ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱ አልዳነም ነበር። ተከላካዮችም ከኋላ እየመጡ እግሩን ይመቱት ነበር። አንዳንዴ ዳኛው ያያል፤ አንዳንዴ አያይም።

ኅዳር 16 ቀን 1985 ዓ.ም. የስዊድኑን የጎተንበርግ ቡድን ሲገጥሙ አራት ጎል አከታትሎ አገባ። ሚላን 4 ለ 0 አሸነፈ። አራቱም የእሱ ናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

ሁለት ዓመት መጠበቅ

ግንቦት 18 ቀን 1985 ዓ.ም. ሚላን ከፈረንሳዩ ከማርሴይ ቡድን ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ተጋጠመ። ግጥሚያው የተደረገው በሙኒክ ነው፤ ያቺን ከአየር ላይ የመታትን ጎል ባገባበት በዚያው ሜዳ ላይ። ሚላን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ማርኮ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተቀይሮ ወጣ። 28 ዓመቱ ነበር። ለቡድኑ የተጫወተው የመጨረሻ ውድድር እሱ ሆኖ ቀረ። ያን ለት ግን ማንም አላወቀም። ደጋፊውም አላወቀ፤ እሱም አላወቀ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር በላይ ሕክምና ላይ ቆየ። እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አጥንቶቹን አላቅቆ የሚይዝ የብረት ማቀፊያ እግሩ ላይ ታሰረለት። በ1986 ዓ.ም. የተደረገው የዓለም ዋንጫ አለፈው። ደጋፊዎቹ «በመስከረም ይመለሳል»፣ «በጥር ይመለሳል» እያሉ ጠበቁት።

እሱ ራሱ በ2012 ዓ.ም. በሆላንድ ቋንቋ በወጣው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ያን ጊዜ ተርኮታል። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ቆሞ መራመድ ስላቃተው በእጁና በጉልበቱ ይድህ ነበር። እስቲ ይህን በልባችሁ ያዙት። በአውሮፓ ሁሉ የተጨበጨበለት ሰው፣ በገንዘብ ያልተቸገረ ሰው፣ ምርጥ ሐኪም ያልተለየው ሰው፣ ሌሊት በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን ይድህ ነበር።

የነሐሴ 12 ቀን ምሽት

በመጨረሻው ነሐሴ 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ማርኮ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ጨዋታ ማቆሙን በአጭሩ ተናገረ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። እኛ ጋ በ30 ዓመቱ ሰው ጎጆ አደላድሎ፣ በሬ ጠምዶ ገና ሊበረታ ነው። የእሱ ሥራ በዚያ ዕድሜ አለቀ።

በማግሥቱ ምሽት ሚላን ከዩቬንቱስ ቡድን ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ ነበረው። ቦታው ሳን ሲሮ የተባለው ስታዲዮም ነው። በዚያን ጊዜ ከ80 ሺህ ሰው በላይ ይይዝ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር ማርኮ ብቻውን ወደ ሜዳው ገባ። መለያ አልለበሰም። የኳስ ጫማም አላደረገም። የለበሰው ጂንስ ሱሪ፣ ሸሚዝና የቆዳ ጃኬት ነው። እንደ ማንኛውም ሰው ማለት ነው።

ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ማርኮ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እያጨበጨበ፣ ቀስ እያለ ሶምሶማ እየሮጠ ሜዳውን ዞረ። እሱ ለሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሕዝቡ ለእሱ ያጨበጭባል፤ ስሙን እየጠራም ይዘምራል። ብዙ ሰው አለቀሰ። አሰልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ የታወቁ ኮስታራ ሰው ናቸው። ሲቆጡ እንጂ ሲያለቅሱ አይታዩም ነበር። ያን ማታ ግን ከተቀመጡበት ሆነው እንባቸውን መያዝ አልቻሉም። ሰው ሁሉ አያቸው።

ማርኮ ዞሮ ጨረሰና ወጣ። ጨዋታው ተጀመረ። ነገሩ ይኸው ነው።

በኋላ በመጽሐፉ ስለዚያ ምሽት ሲጽፍ የራሱን ስንብት ከዳር ቆሞ እንደሚያይ ሰው ሆኖ እንደ ነበር፣ ሕዝቡ ያጨበጨበውም አሁን ለሌለ ተጫዋች እንደ መሰለው ገልጿል። በለቅሶ ቦታ ሙሾ ይወርዳል፣ የሟች ጀግንነት ይነገራል። ሟቹ ግን አይሰማም። ማርኮ ሰማ። መስማቱ አሳመመው፤ ግን ሰማ።

ለአባት ጥያቄ መልስ

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። አባቴ፣ እርስዎ ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ።

የመጀመሪያው «ሞኝ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። እንደሚመስለኝ ሥራውን የሚወድ ሰው ሞኝ አይደለም። እርስዎስ ራስዎ ዝናብ ሲጥል እሾህ ወግቶዎት ሳለ አርሰው አያውቁም? ዝናቡ አይጠብቅም፤ መሬቱ አይጠብቅም። ማርኮም እንደዚያው ነው። ዋንጫው አይጠብቅም ነበር።

ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ጉዳትን ችሎ ዝም ማለት ጀግንነት የሚመስልበት ጊዜ አለ። ደግሞም ጉዳቱን የሚደብቀው ተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ቡድኑም ለማሸነፍ ሲል አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ተመልካቹም ለመደሰት ሲል አይጠይቅም። በሬ ሲያነክስ ያየ ገበሬ ቀንበሩን ያወርዳል። ሰው ሲያነክስ ሲያይ ግን «በርታ» ይላል። ይህ ነው የሚያስገርመው።

ሁለተኛው ጥያቄ «የጮኸለት ሰው ምን ይፈይድለታል?» የሚል ነው። የሳን ሲሮ ሰዎች የማርኮን እግር አልጠገኑለትም። ጭብጨባ ጉልበት ይሰጣል እንጂ አጥንት አይጠግንም። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። ያን ምሽት ማርኮ ሊሰጣቸው የሚችለው ምንም ነገር አልነበረም። ጎል አያገባላቸውም። ዋንጫ አያመጣላቸውም። ወደፊትም አያመጣም። ሁለት ዓመት ሙሉም አላመጣላቸውም። እነሱ ግን ተነሥተው ቆሙለት።

ለሚያሸንፍ ሰው ማጨብጨብ ቀላል ነው። ሁላችንም እናደርገዋለን። ጉልበት ያለቀበትን ሰው በቁሙ ማመስገን ግን ከባድ ነው። በየመንደሩ ለስንት ዓመት ደቦ ሲወጡ የኖሩ፣ አሁን እጃቸው የዛለ አዛውንት አሉ። ስንቶችን አዋልደው አሁን ዓይናቸው የደከመ እናቶች አሉ። እነሱን የምናመሰግናቸው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ በቀብራቸው ቀን ነው።

ከጭብጨባ ሌላ የሚሠራ ነገርም አለ። በእግር ኳስ ከኋላ መጥቶ ተጫዋችን ለአደጋ በሚያጋልጥ አኳኋን የሚጠልፍ ሰው ከሜዳ እንዲወጣ የሚያደርግ ደንብ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሠርቷል። ደንቡ ለማርኮ አልደረሰለትም። ከእሱ ኋላ ለመጡት ግን ደርሷል። ለአንዱ ማዘን ጥሩ ነው። የሚቀጥለው እንዳይጎዳ ደንብ ማውጣት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ወደ እኛ ልጅ እንመለስ

አሁን አንድ የማሳፍርበትን ነገር ልናገር። እሁድ ከሁላችሁ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ትናንት ድረስ የልጁን ደጅ አልረገጥኩም። የእናንተንም አንዳንዶቻችሁን ጠየቅኋችሁ። «በርታ» ካልነው መካከል የሄደ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ትናንት ሄድኩ። እግሩ አብጧል፤ ጠቁሯል። መሬት ሊረግጥበት አይችልም። እናቱ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ በሬ የሚጠምድላቸው እሱ ነበር። ልጁ እኔን ሲያይ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ ለእሁዱ የመልስ ግጥሚያ እደርሳለሁ አይደል?» አለኝ። ይህን የሚለው ስላልታመመ አይደለም። እንደምንወደው የነገርነው በሜዳው ላይ ብቻ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ይህን እንድናደርግ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ነገ ጧት ልጁን በበቅሎ አድርገን ጤና ጣቢያ እናድርሰው። ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት በዚያ እግር አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ወለምታ ነው ብሎ መተው አይገባም።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት እንደደረሰ ምን እንደሚደረግ ሁላችን እንወቅ። ሰውየው ወዲያው ይረፍ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እብጠቱ ላይ ይደረግለት። ደም እንዳያግድ ጠበቅ ሳይል በጨርቅ ይጠምጠም። እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች አይታሽ፣ በእሳትም አይተኮስ፣ አይጎተት። ወጌሻችንን አልነቅፍም። እንዲያውም በከተማ የኳስ ቡድኖች የተጫዋች ጉዳት የሚያየውን ሰው ወጌሻ ነው የሚሉት። ክቡር ስም ነው። ነገር ግን አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ ሳይታወቅ መጎተት ጉዳቱን ያብሰዋል። ወጌሻችንም ይህን ስነግራቸው «እውነት ነው፣ መጀመሪያ ይታይ» ብለውኛል።

ሦስተኛ፣ ልጁ እስኪድን ድረስ የእናቱን ከብት የቡድኑ ልጆች በየተራ ይጠብቁ። ለእርሻው ደግሞ አንድ ቀን ደቦ እንውጣላቸው።

አራተኛ፣ ለልጆቹ ጨዋታ ደንብ እናውጣ። ያነከሰ ልጅ ከሜዳ ይውጣ፤ ወጣ ብሎም ማንም አይስደበው። ከኋላ የሚጠልፍም ይውጣ።

አምስተኛ፣ ጤና ጣቢያው ከፈቀደ እሁድ ልጁን በበቅሎ አምጥተን ከዋርካው ሥር እግሩን ከፍ አድርገን እናስቀምጠው። አይጫወትም። ጎልም አያገባም። እኛ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ቆመን እናጨብጭብለት። ያን ጊዜ የወደድነው እግሩን ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ማርኮስ ኋላ ምን ሆነ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሐኪሞች ቁርጭምጭሚቱን እንዳይንቀሳቀስ አድርገው አያያዙለትና ሕመሙ ለቀቀው። ከ1996 እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የአገሩን የሆላንድን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ መራ። በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ወር ደግሞ ዴሜትሪዮ አልቤርቲኒ የተባለ የቀድሞ የሚላን ጓደኛው ሲሰናበት ለክብሩ በሳን ሲሮ ጨዋታ ተደረገ። ማርኮም ለጥቂት ጊዜ ገብቶ ተጫወተ። በጭንቅላቱም አንድ ጎል አገባ። ከዚያ ከሙኒኩ ሽንፈት ወዲህ ወደ 13 ዓመት ሊሆን ነው። ሕዝቡ አልረሳውም ነበር።

እንግዲህ አባቴ፣ ለጥያቄዎ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። የጮኸ ሰው ምን ይፈይዳል? ጮኾ ወደ ቤቱ ከገባ ምንም አይፈይድም። ከጩኸቱ በኋላ ደጁን ቢያንኳኳ ግን ይፈይዳል።

ነገ ጧት በቅሎ የሚያመጣ ማን ነው? እጃችሁን አውጡ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የአጥንት ትራስ አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ የማይድነው ለምንድን ነው?

2. ማርኮ ነሐሴ 12 ቀን 1987 ዓ.ም. ወደ ሜዳ ሲገባ ምንም የሚሰጠው ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ለምን ቆመለት?

3. ቁርጭምጭሚቱ ለዞረበት ሰው መጀመሪያ ምን ይደረግለታል? የማይደረገውስ ምንድን ነው?

4. በመንደራችሁ ብዙ ሠርቶ አሁን ጉልበቱ የደከመ ሰው አለ? በቁሙ ምን ብታደርጉለት ይገባል ትላላችሁ?